ከመጽሐፉ ጀርባ የጻፍኋት ዓረፍተ ነገር

ባሌና እኔ አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር አንድ መጽሐፍ አንብቦ መጨረስ ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ክንዱን ዓይኑ ላይ ጭኖ ያዳምጣል። ዓይኑ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰውን በቁመናው ይለያል፤ ፊደል ግን አይታየውም። ቢሆንም ጂኦግራፊ ማስተማሩን አልተወም። የአገሩን ካርታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በልቡ ይስለው ነበር፤ የዓባይን መታጠፊያ አንድም ቀን አልሳተም። ማንበቡና መጻፉ የእኔ ሥራ ሆነ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሲያበቃ "እስቲ አንብቢልኝ" ይላል። ደብዳቤውም፣ የፈተናው ጥያቄም፣ ማመልከቻውም በዚሁ መንገድ ነው የሚወጣው።

አንድ ልማድ ነበረኝ። እሱ ተናግሮ ሲጨርስ ከራሴ አንዲት ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። ለወንድሙ በሚጽፈው ደብዳቤ መጨረሻ "ይህን ሁሉ ምክር የሰጠህ ቆሎ እየቆረጠመ ነው" ብዬ አስገባለሁ። ሳነብለት እዚያ ስደርስ ይስቃል። ሰርዢው ብሎኝ አያውቅም።

መጽሐፉ ገናን ስለሸሸ ሰው የሚተርክ ቀልደኛ ልቦለድ ነው። ሰውየው የአንድ ትንሽ ከተማ ጸሐፊ ነው። በየዓመቱ ለገና ዘመዶቹ እየመጡ ቤቱን ስለሚያራቁቱት አንድ ዓመት ይቆርጣል። "ለሥራ ሩቅ አገር ተጠርቻለሁ" ብሎ ያስወራና፣ ጎረቤቱን በሩን ከውጭ በጓጉንቸር አስቆልፎ ከሚስቱ ጋር ውስጥ ይቀመጣል። ዘመዶቹ እንደ ልማዳቸው ይመጣሉ። በሩ ተቆልፏል፤ በቅሎው ግን በረት ውስጥ ናት። ያለ በቅሎው የትም ሄዶ የማያውቅ ሰው! አንዲት አክስቱ "የወንድሜን ልጅ በልተውታል!" ብላ ታለቅሳለች፤ ሌላዋ ትቀበላታለች፤ ሳይመሽ ደጁ በለቅሶ ደራሽ ይሞላል። ቁልፉን የያዘው ጎረቤት ደግሞ ገናን ሊውል አማቶቹ ዘንድ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ቢጨንቀው በሩን ከውስጥ ይደበድባል፤ ለቅሶተኛው ሙት ተነሣ ብሎ ይበተናል። በመጨረሻ ለገና አንድ በግ የነፈገው ሰው ለለቅሶ ደራሹ በሬውን ያርዳል።

በመካነ ሰላም በዚያን ጊዜ የመጻሕፍት መደብር አልነበረም። ከደሴ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አንድ መጽሐፍ ይዞልን ሲመጣ ለመምህሩም፣ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም፣ ለነጋዴውም ይዳረሳል። አንብቦ የጨረሰ ሁሉ ከጀርባው ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ አስተያየቱን ይጽፍና ለሚቀጥለው ያቀብላል። ስም አይጻፍም። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ቅጠል ሞልቶ ነበር። አንዱ "በጾም የሚነበብ አይደለም፤ በየገጹ ዶሮ አለ" ብሏል። አንዱ "ደራሲው አማቱን ፈርቶ እንደጻፈው ያስታውቃል" ብሏል። ሌላው "እኛ ገና የለንም፤ አማት ግን አለን፤ ስለዚህ ገብቶናል" ይላል። ይኼ የጨርቅ ነጋዴው እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። በቀጭን እርሳስ የተጻፈ አንድ ደግሞ ነበር፦ "ሳቄን ስጨርስ አፈርሁ። በረሃቡ ዓመት ወግዲ አስተምር ነበር። ድግስ የሚሸሽ ሰው እዚያ አላየሁም።"

እዚህኛው ላይ ባሌ ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ከዚያ የእኛን አስተያየት አስጻፈኝ። "መጽሐፉ አስቆናል። ሆኖም ሚስትየዋ ሦስት ቀን ሙሉ ከሰውየው ጋር ተቆልፋ አንድ ቃል አልተናገረችም። ይህ ሊታመን አይችልም።"

እኔም እንደ ልማዴ ጨመርሁበት። "እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ተደባቂ አለ፤ ዘንድሮ ግን አያመልጥም፤ እንግዶቹ መንገድ ጀምረዋል።"

ተደባቂው እሱ ራሱ ነበር። ባለፈው ገና አጎቴ ከነቤተሰቡ ከወግዲ ሲመጣ ባሌ ማጀት ገብቶ ከበሩ ጀርባ ቆሞ አግኝተነዋል። አጎቴን ጠልቶ አልነበረም፤ አጎቴ ወግ ከጀመረ ሌሊቱ ስለማያበቃ ነው። ለዘንድሮ ደግሞ አጎቴ ልጆቹን ሁሉ ይዞ እንደሚመጣ ልኮብን ነበር። ሳነብለት ባሌ ትራሱን ወረወረብኝ። መጽሐፉን ሰኞ ለሚቀጥለው አንባቢ ሰጠሁት።

ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍል እያስተማርሁ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ። የአንድ መምህር ቤት ሲፈተሽ መጽሐፉ ተገኝቷል። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። የትምህርት ቤቱን የምስክር ወረቀት ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርሁ፤ በከተማው የሠርግ መጥሪያ የእኔ እጅ ያልነካው ጥቂት ነው። ሰው ጽሕፈቴን እንደ መልኬ ያውቀው ነበር። ባሌን ከሌላው ክፍል አወጡት። አራት ዓመት የሞላት ልጃችን አማቴ ዘንድ ነበረች።

ሴቶቹን ያጎሩበት ቤት በረሃቡ ዓመት የእርዳታ ስንዴ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ያነድዳል፣ ፀሐይ ዘወር ስትል ይበርዳል። ስንዴው ካለቀ ቢቆይም አቧራው ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነበር፤ ስንተኛ አፍንጫችን ይገባል። ነቀዙም አልወጣም። በሩ ሲዘጋ ጓጉንቸሩ ከውጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። መጽሐፉ ትዝ አለኝና ልስቅ ቃጣኝ። 

ውስጥ ሦስት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ከመንግሥት ዋጋ በላይ ሸጠሻል ተብላ የተከሰሰች ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀኑን ሙሉ መቁጠሪያዋ ከእጇ የማይለይ። ሁለተኛዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ወረቀት ስትበትን ተይዛለች። ሦስተኛዋ ከመቅደላ በኩል የመጡ ባላገር አሮጊት ናቸው፤ ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ በእሱ ፋንታ እሳቸው ተይዘዋል።

"ምን አድርገሽ ነው እታለም?" አለችኝ ቅቤ ነጋዴዋ።

"መጽሐፍ ላይ ጽፌ።"

"ስለምን ነው መጽሐፉ?"

"ስለ ገና።"

"ሱብሃነላህ! ገናም ታሰረ?"

ተማሪዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። "እስቲ ንገሪና፤ እዚህ ምን ሥራ አለን" አሉኝ። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሬ መጽሐፉን ነገርኋቸው። ሲስቁ ዘበኛው ቆርቆሮውን በሰደፍ መታ። እኛም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። ስጨርስ ቅቤ ነጋዴዋ ቀደመች።

"ጥፋቱ ጎረቤቱን ማመኑ ነው። ቁልፍ ለጎረቤት ይሰጣል? ወላሂ እኔ ብሆን ለአማቴ ነው የምሰጠው። እሷ የትም አትሄድልህም።"

"ደራሲው ልክ ነው" አለች ተማሪዋ። "ድግስ የሚያራቁተው ደኻውን ነው። ይህን ኋላ ቀር ልማድ መታገል..."

"ዝም በይ አንቺ! ይኸው አፍሽ ነው እዚህ ያመጣሽ።"

አሮጊቷ አልሳቁም ነበር። ጥግ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ወለሉን ያያሉ። "እርስዎስ እማ፣ እንዴት አዩት?" አልኋቸው።

"እኔማ በረሃቡ ጊዜ እዚህ በር ላይ ስንዴ ስጠብቅ ነው ገና የዋለው" አሉ። "እዚያ፣ በበሩ በስተግራ። ገና መሆኑን የነገረኝም የለ። ልጆቼን ሁለቱን መንገድ ላይ አስቀርቼ፣ ይኼን ጫካ ገባ የሚሉኝን ብቻ እጁን ይዤ ነው የደረስሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ሰውየሽ ግን ሸጋ ነው። የሚደበቅበት ዘመድ አለው። በሩ ተዘግቶ ሲያገኙት የሚያለቅሱለት አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሆኛለሁ ይላል?"



የጻፍኋትን ዓረፍተ ነገር የነገርኋቸው ሐሙስ ነው። ማንን እንደቀለድሁበት ሳስረዳቸው ቅቤ ነጋዴዋ ጭኗን መታች። "ይኼንኑ ለመርማሪው ንገሪው! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ?"

"ጌቶቹ እኮ ተሻሩ" አለች ተማሪዋ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ተጠራሁ። መርማሪው ከሌላ አገር የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የእኔ ዓረፍተ ነገር ሥር በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። መሐል ገጽ ላይ የክብሪት እንጨት ተሰክቷል፤ እያነበበው እንደነበር ገባኝ። ተስፋ ያደረግሁት በዚያች የክብሪት እንጨት ነው።

"ተደባቂው ማን ነው?" አለኝ።

"ባሌ ነው ጌታዬ።"

"ባልሽ እንደዚያ አላለም። ከቤተ መንግሥት የማይወጡት መሪያችን ናቸው ብሏል። እንግዶቹም መሣሪያ ይዘው የሚመጡ ናቸው ብሏል። ቃሉም የእሱ ነው፤ አንቺ እጅ ብቻ ነሽ።"

ወዲያው ባሌን አስገቡት። ዘበኛው ክርኑን ይዞ ይመራዋል። ጫማ አልነበረውም፤ በእግሩ ጠርዝ ነው የሚረግጠው። ከጨለማ ወጥቶ የት እንዳለሁ ስላላየ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እህ እህ ብዬ ሳልሁ። ወደ እኔ መለሰው።

"ሐሰት ነው" አልሁ። "እሱን ነው የቀለድሁበት። አምና እንግዳ ሲመጣበት ማጀት ገብቶ ከበሩ ጀርባ ቆመ። በእጁ የወጥ ማማሰያ ይዞ ነበር፤ ለምን እንደያዘው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።"

መርማሪው ሳቀ። የእውነት ሳቅ ነበር፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ባሌም ሳቀ። የዚያን ጊዜ አንድ አፍታ ያህል፣ ይህ ሁሉ እዚህ ያበቃል፣ ልጄን አዝዬ ቤቴ እገባለሁ ብዬ አመንሁ።

መርማሪው ዓይኑን ጠረገና ብዕሩን አነሣ። "መልካም። እንግዳው ማን ነው?"

"አጎቴ።"

"ስሙ? መንደሩ? ከእነማን ጋር ነው የሚመጣው? መንገድ የጀመረው መቼ ነው?"

 አጎቴና ስድስቱ ልጆቹ ታዩኝ። እውነቱን ብናገር መንገድ ላይ ይይዟቸዋል። ዝም ብል ባሌ ያለው ይጸናል። ወረቀቱ ላይ የብዕሩን ጫፍ ሳይ ሳለሁ ባሌ ተናገረ።

"አጎት የላትም። ሴት ናት፤ ፈርታ ነው የምትቀባጥር። ያልሁትን ብያለሁ፤ ጻፍ።"

በትዳራችን ዘመን "ሴት ናት" ብሎኝ አያውቅም ነበር።

መርማሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ባሌ ማየት ስለማይችል ቃሉን በእጁ አይጽፍም። መርማሪው ደግሞ የቃሉ ጽሕፈት ከመጽሐፉ ጽሕፈት ጋር እንዲገጥምለት ይፈልጋል። "እሱ ይናገር፣ አንቺ ጻፊ" አለኝ። "ጽፈሽ ከፈረምሽ ትወጫለሽ። እምቢ ብትይ ለእሱ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ልጃችሁ ግን ሁለታችሁንም ታጣለች።"

"አልጽፍም" አልሁ።

"ጻፊ እንጂ" አለኝ ባሌ። ድምፁ እሑድ ከቀትር በኋላ እንደነበረው ነው። "እንደ ሁልጊዜው። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።"

ብዕሩን ያዝሁ። ይናገራል፤ እጽፋለሁ። ቀስ ብሎ፣ እንዳልቸኩል፣ በየሐረጉ መጨረሻ እየቆመ። ስለ መሪው፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ መሣሪያው፤ አንዱም እውነት አልነበረም። ሦስት ጊዜ "ባለቤቴ የማውቀውን አታውቅም" ብሎ አስጻፈኝ። ሦስቱንም ጻፍሁ። ጽሕፈቴ አልተበላሸም። አንድ ፊደል እንኳ ተጣሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ሲያበቃ መርማሪው ሲጋራ ሊለኩስ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም እንደ ልማዴ ከሥሩ ጨመርሁበት። "ከላይ ያለውን ባሌ የተናገረው እኔን ለማስወጣት ነው፤ ዓረፍተ ነገሯ የእኔ ናት፤ የቀለድሁትም በእሱ ነው።" ፈረምሁ።

"እስቲ አንብቢልኝ" አለ ባሌ።

አነበብሁለት። የመጨረሻዋ ጋ ስደርስ መርማሪው ጭሱን እያወጣ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። እዚያ ላይ አቆምሁ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ብዕሩ ግን ከእኔ በኋላ ትንሽ ሄዷል" አለኝ ዝቅ ብሎ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጆሮው የማይሰማው አልነበረም። በአፍንጫው ሳቀ። ሰርዢው አላለኝም።

መርማሪው ሲነገር ሰምቶት ነበርና ለማንበብ አልደከመም። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን አጠፈው፤ ዶሴው ውስጥ ከተተው። ባሌን ዘበኛው በክርኑ ይዞ አወጣው።

በገና ዋዜማ ጠዋት ባሌንና ሌሎች ሰዎችን ጭነው ወደ ደሴ ወሰዷቸው። መኪናው ሲነሣ እኛ በቆርቆሮው ሽንቁር ጎማውን ብቻ አየን። ከቀትር በኋላ እኔን ፈቱኝ። ስወጣ አሮጊቷ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። "በባዶ ትከሻ ቤትሽ አትግቢ፤ ነገ ገና ነው" አሉኝ። ተማሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ ከበሩ ድረስ ተከተለችኝና፣ "አብሽሪ እታለም፤ አላህ ከደሴ ይመልሰዋል" አለችኝ።

በማግስቱ አጎቴ መጣ። ሚስቱን፣ ስድስት ልጆቹን፣ አንድ ሙክት ይዞ። ስለ እኛ መታሰር መንገድ ላይ የነገረው አልነበረም። ዱላውን በር ላይ አስደግፎ፣ ሳይቀመጥ፣ እየሳቀ በቀጥታ ወደ ማጀቱ ሄደ፤ የበሩን ጀርባ ተመለከተ።

"ያ ባልሽ ዘንድሮስ የት ተደበቀብኝ?"

ልጄ ወገቤን ይዛ ቆማለች። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ መልሱን ይጠብቃሉ። እኔ መጀመሪያ ውኃ አምጥቼ እግራቸውን አስታጠብሁ። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ነገርኋቸው። እኔ የጻፍኋቸው እንግዶች እሱና ልጆቹ መሆናቸውን ግን ለአጎቴ አልነገርሁትም። ያን ሳይሰማ ነው የሞተው።

በሚያዝያ የባሌ ልብስ ብቻ ከደሴ መጣ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ጠመኔ ነበረ።

ያቺ ወረቀት የት እንዳለች አላውቅም። አንድ ሰው ከፍቶ እስከ ታች አንብቧት እንደሆነም አላውቅም። ረድታው ይሆን ወይስ ጎድታው፣ ወይስ እስከ ዛሬ በቀለሟ ተጣብቃ ተኝታ ይሆን፣ ብዙ ዓመት አስቤ ደክሞኛል። ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላ ነው። ስለ እሱ የጻፍሁትን ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ የመጨረሻዋን ግን አላነበብሁለትም።

አሁን የሚያስጽፈኝ የለም። በራሴ፣ በቀስታ እጽፋለሁ፤ ስጨርስ ለብቻዬ ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ።